እርሳስ አይረሳም

ሲፕሪያን መጣ፣ በረዶ በጫማው ይዞ፣
ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ ተክዞ።
«ቡርጊ፣» አለኝ፣ «ይስታል፤
መቶ እርምጃ ላይ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ይመታል።
ነፋስ ነው ብዬ ነፋሱ እስኪቆም ጠበቅሁ፣
መነጽሩን ለወጥሁ፣ የሰደፉን ብሎን አጠበቅሁ፣
ጥይቱንም ቀየርሁ፤
ትናንት ጥድ ሥር አንዲት ሚዳቋ አቆሰልሁ፣
እስኪመሽ በደሟ ፈለግ ሄድሁ።
አጣኋት።»

እኔ ሰደፉን አላየሁም፤ አፈሙዙን አየሁት።
የአባቴ ማኅተም አለበት፦
ኦዝባልድ፣ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
ሞራ ዓይኑን ሊጋርደው በተቃረበበት ዓመት።

ፌርላኽ ውስጥ፣ ከድራቫ ወንዝ ወዲህ፣
ብረት መብሳት እንደ ርስት ይወረሳል።
በአሥራ አራት ዓመቴ መስኮቱ ፊት አቁሞ፣
ባዶውን ቱቦ ወደ ብርሃን አጋድሞ፣
«እዪ፣» ይለኝ ነበር፣
«ጥይት እንዲሁ ሲለቁት ይንገዳገዳል፣
በጠባብ መንገድ አሽከርክረው ሲሸኙት ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።
ስድስት ቦይ ነው፤ እያንዳንዱን አርባ ጊዜ እናልፈዋለን፣
በአንድ ጉዞ ከፀጉር ሃያኛ እጅ እንልጠዋለን።
ጥይቱ ከረዘመ ዙሩ ይፍጠን፤
ቦዩ ሲጠብ ይታመቃል፣ ሲሰፋ ጋዙ በጎን ያመልጣል፤
ከሁሉ የከፋው ግን
እስከ ደጃፍ አጥብቆ ይዞ፣ ደጃፍ ላይ የሚለቅ ነው።
ሰውም ቢሆን መሰናበቻው ላይ ነው የሚታወቀው።»

ለስላሳ እርሳስ ወሰድሁ፣ ዘይት ቀባሁት፣
ከኋላ በኩል በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጌ አስገባሁት።
በዘንግ ገፋሁ።
አንድ ስንዝር፦ ጠበቅ።
ሁለተኛው፦ ያው ጠበቅ፤ የአባቴ እጅ ነው፣ አይዛነፍም።
ሊወጣ አራት ጣት ሲቀረው
ዘንጉ ቀለለኝ፣
በጨለማ አንድ ደረጃ ይቀራል ብሎ ረግጦ
ባዶ እንዳገኘ እግር።

ሌላ እርሳስ በጫፉ በኩል ከተትሁ፣
መልሼ አውጥቼ ለካሁ።
ሚሊሜትር መቶ ቦታ ቢቆረስ፣ ሁለት ቁራሽ ይወፍራል።
እርሳስ ይሉታል እንጂ አይረሳም፤
የገባበትን ቤት ገላው ላይ ጽፎ ይወጣል።

ገባኝ። ማለስለሻውን ጫፉ ላይ መላልሶታል፣
መለስለሱ አልታይ ቢለው፣
ገና ነው፣ ገና ነው እያለ፣
የበቃውን ሁሉ አልፎ።

«ምን አገኘሽ?» አለ ሲፕሪያን።
«ዝገት። ቅዳሜ ና።»

ማታ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቀስ ብዬ
ጫፉን ቆረጥሁት፤ አዲሱን አፍ አስተካክዬ
ዙሪያውን እኩል ሞረድሁ፤ ጥይት ሲሰናበት
አንዱ ጎን ቀድሞ እንዳይለቀው።
ከምድጃው አጠገብ፣ ከግድግዳው ማዶ፣
«ስንት ጣት ነው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።
መጋዝ በድምፁ ይለያል፤ ማን ጨርቅ ይሸውደዋል!
«አምስት።»
ብዙ ዝም አለ።
«አራት ይበቃ ነበር።»

ቅዳሜ ሦስት ተኮሰ፤ ሦስቱንም አንድ ሳንቲም ሸፈናቸው።
«ዝገት ነበር ለካ!» አለ እየሣቀ።
አዎ አልሁት።
ሚዳቋዋን አላነሳናትም፤
አንዴ የሳተን የሚመልስ መጋዝ የለም፤
እዚያ ላይ፣ ከጥዱ በላይ፣ በረዶው ሸፍኗት ይሆናል።

አባቴ ቁራጩን ከፍቅፋቂው መሀል በዳበሳ አገኘው፣
ጠርዙን በጥፍሩ ዞረው፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣
ከንፈሩ የሆነ ቁጥር ቆጠረ።
«ልቅ ነው፣» አለ። ሌላ አልተናገረም።
መስኮቱ ላይ አቆመው፣ ድሮ እዪ በሚለኝ ቦታ፣
ሒሳብ የምጽፍበትን እርሳስ ከጆሮዬ ወስዶ
ጫፉን በቢላ አቀጥኖ
ሰካበት።
ገባ፤ ትንሽ ይወዛወዛል።